መስታወቱ ጥግ ላይ የተለጠፈው ሥዕል

ሾፌር የሆነ አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ ዳምጠው። «ያላወቀ ሰው ጥፋተኛ ይባላል ወይ?» ነው ያልከኝ። ለራሴ ሳይሆን ለአንድ ወዳጄ ነው ብለህም ጨምረሃል። ይሁን፣ ለወዳጅህ ይሁን። እኔ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ለራሱ ብሎ የሕግ ምክር የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም ለወዳጁ ነው የሚጠይቀው። አንቀጽ ጠቅሼ ልመልስልህ እችል ነበር። አንቀጽ ግን በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሻይህን ጠጣና ስለዚህ ሾፌር ስማ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ባለጠጋ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባለጠጋው ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ዱቄቱን ከከተማው ጭኖ ከኮረብታው ማዶ ላሉት ገበያዎች የሚያደርሰው ይህ ሾፌር ነበር። ጥሩ ሾፌር ነበር፣ ይህን ልመስክርለት። አይጠጣም፣ አይከንፍም፣ መንገድ ላይ የደከመ ሽማግሌ ካየ ቆሞ ያሳፍራል። የታወቀው ግን በመስታወቱ ነው። በየማለዳው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አሮጌ ጋዜጣ ውሃ ውስጥ እየነከረ የፊት መስታወቱን ይወለውላል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጥጋጥጉ ሳይቀር። የከተማው ሰው «መስታወት ያለው አይመስልም እኮ፤ ዝንብ እንኳ ተሳስቶ ይጋጨዋል» እያለ ይቀልድበት ነበር። ይህን ጋዜጣ አትርሳው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በመስታወቱ የታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር። አንዱ ቦሎ ነው፤ መኪናው ተመርምሮ ማለፉን የሚናገር። ሌላው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ታውቀዋለህ፣ ግን ሰው አውቀዋለሁ የሚለውን ነገር ሲጠየቅ ስለሚንተባተብ ልንገርህ። አንደኛው ወገን ባለመኪናው ነው። ሁለተኛው መድን ሰጪው ነው። ሦስተኛው ስሙ የማይታወቅ፣ ገና ያልተገኘ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በመንገድ ዳር ሲሄድ መኪናው ሊደርስበት የሚችል ማንኛውም ሰው ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ለእሱ ነው። በዚያ አገር ሕግ ያለዚህ ወረቀት መኪና የነዳም ያስነዳም ወንጀለኛ ነው፤ ማንንም ባይነካ እንኳ ይቀጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። «ማንን ገደልኩ?» ይላል። ሕጉ ደግሞ «ብትገድልስ ኖሮ?» ይለዋል። ሁለቱ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ይኖራሉ።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ ሾፌሩ ያንን ጥግ ሲወለውል ቀኑን አነበበው። መድኑ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጋዜጣውን ከባልዲው ላይ ጣል አድርጎ ወፍጮ ቤት ገባ።

«ጋሼ፣ መድኑ አልቋል» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ባለወፍጮው። «ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሥራውም ቀዝቀዝ ይላል። መስከረም ላይ እናሳድሰዋለን።»

በሳምንቱ ደግሞ ነገረው። «ነግረኸኛል እኮ፤ ጆሮ አለኝ» ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነግረው ባለወፍጮው ከሚዛኑ ላይ ቀና ብሎ ተመለከተውና ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አለው፦ «ከፈራህ ቁልፉን እዚያ ምስማር ላይ ስቀለው። ውጭ ሥራ ፈትቶ የቆመ ሾፌር ሞልቷል። ስማቸውን ልንገርህ?»

ሾፌሩ ቁልፉን አልሰቀለም። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ዘንድ ሠርቶ ሌላ በር ማንኳኳት የማያውቅ ሰው ነው። ለምን አልሰቀለም ብለህ አትፍረድበት፤ ምስማሩ ፊት ቆመህ አታውቅም። እኔም አላውቅም።

ችግሩ ግን ጥጉ ነው። በየማለዳው ጋዜጣውን ይዞ እዚያ ሲደርስ ያ ቀን ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥጉን መዝለል ጀመረ። መስታወቱ ሁሉ እንደ ወትሮው ያበራል፣ ያቺ አንዲት ጥግ ብቻ አቧራ ትጠጣለች። አቧራው ደግሞ ሥራውን በደንብ አልሠራም፤ ቀኑ እየደበዘዘም ቢሆን ይነበብ ነበር።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ለገብርኤል ንግሥ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሥዕል ከሚሸጡት አንዱ ዘንድ ቆሞ የሚለጠፍ የመልአኩን ሥዕል ገዛ። መዳፍ የምታህል ናት፤ ከግርጌዋ የንግሡ መታሰቢያ ተብሎ ዓመተ ምሕረቱ በደቃቅ ፊደል ታትሞባታል። ሾፌር ሁሉ ሥዕል ይለጥፋል፣ በዚህ ምንም ነውር የለም። ሁሉም ግን የሚለጥፈው ከላይ፣ ከኋላ መመልከቻው አጠገብ፣ የክብር ቦታ ላይ ነው። ይህ ሰው ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ጥጉ ላይ፣ ልክ የመድኑ ወረቀት ላይ ለጠፈው።

ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ታየው ነበርና «ምነው፣ ገብርኤልን ጥግ አስያዝከው?» አለችው።

«መንገድ እንዳይጋርደኝ ብዬ ነው» አላት።

እሷም ወደ ማስጣቷ ተመለሰች። እሱ ግን በዚያ ቀን መሪውን ሲይዝ ልቡ ቀለለው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ቀለለው። በሳምንቱ ኬላው ላይ ትራፊኩ ወደ ጥጉ ጎንበስ ሲል ከመልአኩ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ፤ አማተበና «እለፍ» አለው። ትራፊክም ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ጥበቃ እንዳገኘ ለራሱ ነገረው። አየህ ዳምጠው፣ ሰው ሌላውን ሲዋሽ ቢያንስ ምስክር ይፈራል። ራሱን ሲዋሽ ግን መልአክ አቁሞ ነው የሚዋሸው።

ነሐሴ ላይ አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ዱቄት ጭኖ ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር። በዝግታ ነው የሚወርደው። በመንገዱ ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮዎቿን በገለባ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ትሄዳለች። ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። መኪናው አልሮጠም፤ እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዘመመና ሴትዮዋን ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር አጣብቆ ቆመ። ማሰሮዎቹ ሲሰበሩ ተሰማው። ቀኝ እግሯ ደግሞ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

አልሸሸም። ተሸክሞ አሳፈራት፣ ራሱ ነድቶ ጤና ጣቢያ አደረሳት፣ ከዚያም በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ይህም ይመዝገብለት። መኪናው ታስሮ ፖሊስ ግቢ ቆመ። መድን እንደሌለው የታወቀው ከመድን ሰጪው መዝገብ ነው፤ ሥዕሉን ማንም አልነካውም።

እዚህ ላይ ስለ ሴትዮዋ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባህም። ሸክላ የሚሠራው በእጅ ብቻ አይደለም። አፈሩ ተነፍቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ መጀመሪያ በእግር ይረገጣል፤ እስኪለሰልስ፣ አየር እስኪወጣለት፣ ግማሽ ቀን ይረገጣል። በደንብ ያልተረገጠ ጭቃ እሳት ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪ እግሯን አጣች ማለት ጸሐፊ እጁን አጣ እንደ ማለት ነው። አጥንቷ ደግሞ ተጣሞ ገጠመ። ሐኪሞቹ እንደገና ተሰብሮ በብረት ካልታሰረ አትቆሚበትም አሏት። ያ የሚሠራው ሩቅ ከተማ ነው፤ እሷ ደግሞ ለመሄጃው እንኳ ስንቅ የላትም። ሁሉ ነገር ያረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺ ሴት ትቆማለች ወይስ አትቆምም?

ሾፌሩም ባለወፍጮውም ተከሰሱ። ሾፌሩ በዋስ ከተለቀቀ በኋላ ባለወፍጮው ቤቱ ድረስ መጣ። ዘጠኝ ዓመት መጥቶበት አያውቅም።

«ዋስ የጠራሁልህ እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «አሁን በጥሞና ስማኝ። መኪና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከተወሰደ ባለቤቱ አይጠየቅም። ስለዚህ እኔ መኪናው ያለ ፈቃዴ ነው የወጣው እላለሁ። ዘመዱን ሊረዳ ብሎ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሳ፣ እኔ ግን አዝኜለት በስርቆት አልከሰስኩትም እላለሁ። አንተ ደግሞ የመድኑን ማለቅ አላውቅም ነበር ትላለህ። ተቀጣሪ ሾፌር ካላወቀ፣ የሚያውቅበትም ምክንያት ከሌለው፣ ከመድኑ ክስ ነፃ ይወጣል። የአደጋው ክስ ቀላል ነው፤ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው። ወር ሳይሞላ ቁልፉ እጅህ ላይ ነው።»

«ሴትዮዋስ ጋሼ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለ ባለወፍጮው። እየቀለደ አልነበረም፤ በእርግጥ ጠፍታበት ነው የጠየቀው።

በማግስቱ ሾፌሩ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ወደሚጽፍ ሰው ሄደ። የዚያን ዓይነት ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከብዙ ጠበቃ ይሻላሉ።

«ሕጉን ጨካኝ አድርገህ አትየው» አለው ጸሐፊው። «በሮች አሉት። ነፍስ ለማዳን ተጣድፎ የነዳ ሰው የሚገባበት በር አለ። መኪናው ያለ ፈቃዱ ለተወሰደበት ሰው በር አለ። ሳያውቅ ለነዳ ተቀጣሪም በር አለ። አንተ በየትኛው ነህ?»

«በመጨረሻው» አለ ሾፌሩ።

«ወረቀቱ መስታወቱ ላይ አልነበረም?»

«ነበረ። ግን ሥዕል ሸፍኖታል።»

የጸሐፊው ፊት በራ። «ሥዕል! የማን ሥዕል?»

«የገብርኤል።»

«እልል በል! ከዚህ የተሻለ ምን ምስክር አለ? ዳኛ ቢሆን ዐቃቤ ሕግ ቢሆን ‘ገብርኤልን ላጠውና እንየው’ የሚል አይገኝም። ማነው የለጠፈው?»

ሾፌሩ አቀረቀረ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ መልሶ አነሣው። ከዚያ «መኪናውን ስትረከብ እዚያው ነበረ ብዬ ልጻፍ?» አለው። ሾፌሩ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ኪስ ገባ።

የቀጠሮው ቀን ኅዳር ላይ ነበር። ዳኛዋ ባለወፍጮውን አስቀድመው ሰሙት። ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ዱቄቱን የጫኑት ሁለት ሠራተኞች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማን ጫኑ እንዳላቸው ያውቃሉ፣ ግን እንጀራቸው ከእሱ እጅ ነውና መሬት መሬቱን ያያሉ። ቀጥሎ ሸክላ ሠሪዋ ተጠራች። ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሟት። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ሦስተኛ ወገን መድን ሲናገር፣ ስለ ሦስተኛ ወገን ጉዳት ሲናገር፣ እሷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች ትሰማ ነበር። በመጨረሻ ዳኛዋ «የምትጨምሪው ነገር አለ?» አሏት።

«የምጨምረው የለኝም እመቤቴ። ብቻ ልጠይቅ። ይሄ ሦስተኛ ወገን የምትሉት ሰው ማነው? ሲጠራ እሰማለሁ፣ አላየሁትም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዳኛዋ አልሳቁም። «አንቺ ነሽ» አሏት።

«እኔ?»

«አንቺ።»

ሴትዮዋ አሰበችና «እኔን ሳያውቁኝ ነው መኪናው ላይ የጻፉኝ?» አለች። «ደግ ነገር ነው። ታዲያ ምነው ጠፋሁ?»

አንዳንድ ጥያቄ አለ ዳምጠው፣ የሚጠይቀው ሰው ምን እንዳደረገ ሳያውቅ የሚጠይቀው። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ የራሱን አውራ ጣት አየ። ሥዕሉን ሲለጥፍ እንዳይነሳ ብሎ በዚያ ጣት ነበር አራቱንም ጠርዝ ደጋግሞ የተጫነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሸፈነው ቀን ይመስለው ነበር። ለካ የሸፈነው ሰው ኖሯል።

ተራው ደርሶ ሲጠራ ተነሣ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ማመልከቻ ነካው፣ አላወጣውም።

«ከመናገሬ በፊት ወደ መኪናው እንድንሄድ እለምናለሁ» አለ። «አጥሩ ማዶ፣ ፖሊስ ግቢ ነው ያለው። ውሃና አሮጌ ጋዜጣም ይሰጠኝ።»

ባለወፍጮው ዘወር ብሎ አየው። ያ አስተያየት ምስማሩን፣ ቁልፉን፣ ውጭ የቆሙትን ሥራ ፈት ሾፌሮች ሁሉ ይዞ ነበር። ሾፌሩ አይቶታል፤ እግሩም ተንቀጥቅጧል። ነገር ግን ሄደ። ሲወስን እኮ ፍርሃቱ ለቆት አይደለም፤ ከነፍርሃቱ ነው የሄደው።

ችሎቱ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ሾፌሩ ጋዜጣውን ነክሮ ሥዕሉ ላይ አለበሰውና ቆሞ ጠበቀ። መልአኩን መቅደድ አልፈለገም። ከዚያ በጥፍሩ ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ላጠው፣ ሳመው፣ ለዳኛዋም ሰጣቸው። ከሥሩ የመድኑ ወረቀት ወጣ፤ ያለፈበት ቀን ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥርት ብሎ ይነበባል።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «መኪናውን ስረከብ አልነበረም። ከግርጌው የንግሡ ዓመት አለ፤ ያለፈው ሐምሌ ንግሥ ነው። መድኑ ካለቀ በኋላ ነው የለጠፍኩት፣ እንዳላየው ብዬ። ዘጠኝ ዓመት ይህን መስታወት ሳልወለውል የዋልኩበት ቀን የለም፤ ከተማው ይመስክር። ይህን ጥግ ግን ከሰኔ ጀምሮ አልነካሁትም። ያላወቀ ሰው ቢሆን ይወለውለው ነበር። እኔ ያልወለወልኩት ስለማውቅ ነው። ለጋሼም ሦስት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ። በዚያን ቀን ማለዳ ቁልፉን በእጃቸው ነው የሰጡኝ።»

ከኋላ ከቆሙት ጫኞች አንዱ «እውነቱን ነው» አለ። ድምፁ ወጥቶ ሲሰማው ራሱም ደነገጠ። ሁለተኛው «እውነቱን ነው፤ ጫኑ ያሉን እሳቸው ናቸው» አለ። አፍ እንዲህ ነው፤ አንዱ እስኪከፈት ነው ችግሩ።

ፍርዱ በሳምንቱ ተነበበ። ዳኛዋ ለሾፌሩ እንዲህ አሉት፦ «ሕጉ ላላወቀ ሰው በር ከፍቷል። እዚያ በር ላይ ቆመህ ነበር፣ ብትገባም የሚያይህ አልነበረም። አለመግባትህን ፍርድ ቤቱ ይቆጥርልሃል። ነገር ግን አውቀህ ነድተሃል።» ስድስት ወር ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ታገደ። ሊከብድ የሚችለው ቀለለለት እንጂ ነፃ አልወጣም፤ እውነት ተናገረ ብዬ ዘውድ ጫኑለት አልልህም። ባለወፍጮው ደግሞ የገባበት በር ላዩ ላይ ተዘጋ፤ ተቀጣ፣ የሴትዮዋንም ሕክምና እስከ መጨረሻው እንዲችል ተፈረደበት። እሷም ሩቁ ከተማ ሄዳ እግሯ በብረት ታሰረ።

ሾፌሩ ከእስር ሲወጣ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ ደጃፍ ነው። በዚያ አገር የሸክላ ሠሪ ደጃፍ ላይ መቆም እንኳ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሰው ማሰሮውን ገዝቶ እየበላበት የሠራውን ይንቃል። እሷ በከዘራ ተደግፋ ወጣች። ቆማለች።

«ማሪኝ» አላት።

«ምሬሃለሁ» አለች። «ቆሜያለሁ፣ እሄዳለሁም። ጭቃ መርገጥ ግን ሐኪሙ ከለከለኝ። ይቅርታው ከእኔ ወጥቷል፤ ጭቃውን ማን ይረግጥልኛል?»

ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና እሷ ‘በቃ’ እስክትል ድረስ ረገጠ። በሳምንቱም ተመለሰ። ከተማው ሳቀበት፤ «ነዳጅ ሲረግጥ ኖሮ አሁን ጭቃ ይረግጣል» አሉት። ሁለቱ የእገዳ ዓመታት አልፈው፣ ሌላ ሰው ቀጥሮት መሪ ከያዘ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄድ ነበር አሉ። አዲሱን መኪና በየማለዳው ሲወለውል ከጥጉ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ዳምጠው። ያላወቀ ሰው ጥፋተኛ ይባላል ወይ ብለኸኛል። አይባልም፤ ያኛው በር ለእሱ ነው የተሠራው። አውቆ የተኛ ግን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። ሕግ የሚጠይቅህ ዓይንህ ምን አየ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ዓይንህን ከየት አዞርከው ብሎም ይጠይቃል።

አሁን ስለ ወዳጅህ እናውራ። ወዳጅህ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። አንተም ፎርማን ነህ፤ ይገጥማል። በወዳጅህ ሥራ ቦታ አራተኛው ፎቅ ላይ የቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ገመዱ በስብሶ ባለፈው ሐሙስ አንድ የቀን ሠራተኛ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቷል። ሠራተኞቹ ስለ ገመዱ ሲያጉረመርሙ ወዳጅህ ከሥር ሆኖ ሰምቷቸው ነበር፤ ይህን አንተው ነህ የነገርከኝ። ነገ ጠዋት መርማሪዎቹ ፊት ቀርቦ «አራተኛ ፎቅ አልወጣሁም፣ ገመዱን አላየሁም» ሊል ነው። እውነቱን ነው፣ አልወጣም። ሦስት ሳምንት አልወጣም። ለምን ሲባል ጉልበቴን ስላመመኝ ይላል።

የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ዳምጠው፤ ሊፍትም የለውም። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልክ ስትወጣ እዚህ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ።

ጉልበትህ ደህና ነው። ያ የጉልበት ሕመም ነው ያንተ ሥዕል። ስትለጥፈው ማንም አላየህም፣ ነገም ላጠው የሚልህ የለም፤ ለዚህ ነው ራስህ መላጥ ያለብህ። አሠሪህ ያይሃል፣ አዎ። እግርህ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጠቀጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። ከመጣህ ጀምሮ ሦስት ጊዜ «አንድ የቀን ሠራተኛ» አልክ፤ ስሙን አንድም ጊዜ አልጠራኸውም። ሳታውቀው ቀርተህ ይሆናል። ስሙን ሳትይዝ ነገ እዚያ ክፍል እንዳትገባ። መጀመሪያ ስሙን ጥራ፣ የቀረውን አፍህ ራሱ ያገኘዋል።

ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ተወው። ሆስፒታሉ ጠያቂ የሚያስገባው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ተነሥ፤ ደረጃውንም እንደ አወጣጥህ ውረደው።